ለቅሶ የሚመዝኑት ጋሽ ህሩይ

በየሰፈሩ ለቅሶ የሚመዝን አንድ ሰው አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ወይ ሰፈሩ አዲስ ነው፣ ወይ ገና ሰው አልሞተበትም። ይህ ሰው ድንኳን ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ካለ በኋላ የሚቀመጠው መግቢያውን ፊት ለፊት በሚያይበት ቦታ ነው። ንፍሮ ሲዞር እፍኙን ይቀበላል፤ ዓይኑ ግን ከመግቢያው አይነሳም። ማን መጣ? ከማን ጋር መጣ? እያለቀሰ ገባ ወይስ ስልክ እያወራ? ሲወጣ አጠገቡ ላገኘው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፍርዱን ይሰጣል። «ሰው ነበረው» ይላል። ወይም፣ እግዜር አያምጣው፣ «ሰው አልነበረውም» ይላል። ከዚህ ፍርድ በኋላ ይግባኝ የለም፤ ሟቹም ተነስቶ አይከራከርም።

በጎንደር ከተማ፣ ማራኪ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለው ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ጋሽ ህሩይ ናቸው። እሳቸው ግን እንደ ሌላው መዛኝ በአማርኛ አይመዝኑም። የሚመዝኑት በእንግሊዝኛ ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ አያስገርምም። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ጋሽ ህሩይ ራሳቸው ገና በልጅነታቸው የግእዙን ግሥ ሲያወርዱ የሰማ ሁሉ «ይህ ልጅ የአባቱን ወንበር ይይዛል» ብሎ ነበር። አልያዙም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኑ። ወንበሩን ቢተዉም ግሡ አልተዋቸውም። በተለይ ከኋላው አንዲት ትንሽ ቃል የምትከተለው የእንግሊዝ ግሥ ልባቸውን ሰረቀችው። ያቺን ትንሽ ቃል «ጭራ» ይሏታል።

«ፑር ማለት መቅዳት ነው» ይላሉ። «ውሃ ትቀዳለህ፣ ጠላ ትቀዳለህ። ጭራ ጨምርለት። ፑር ኢን! አሁን የሚቀዳው ሕዝብ ሆነ። ጭራውን የረሳ ተማሪ በሬ ሊሸጥ ወጥቶ ገመድ ብቻ ይዞ ገበያ የደረሰ ነው!»

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ውስጥ ተማሪ ሰብስበው ያስተምራሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት ጎረምሶችና ኮረዶች ግሡን የሚያወርዱት በዜማ ነው። ሊቀ ግሥ ወጭራ ህሩይ ከፊት ቆመው በከዘራቸው ወለሉን ይመታሉ። «ስትሪም ኢን! ሮል ኢን! ፍለድ ኢን!» ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አሮጊቶች በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ምን ማኅበር እንደሆነ ሳያውቁ የሚያማትቡበት ጊዜ አለ።

ከእንግሊዝ ግሥ ሁሉ ደግሞ አብልጠው የሚወዱት የብዙ ነገር መምጣትን የሚናገረውን ነው። ምክንያቱን ማንም አያውቅም። ማዕረጉን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የመጨረሻው ዝቅተኛ «ትሪክል ኢን» ነው፤ እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ፣ ዝም። ከእሱ ከፍ ሲል «ስትሪም ኢን» አለ፤ እንደ አንገረብ ወንዝ በጥቅምት፣ የማያስደነግጥም የማይቋረጥም። «ፑር ኢን» የሐምሌ ነው። «ፍለድ ኢን» የሚባለውን ጎርፍ በዕድሜያቸው የሰጡት ለጥቂት ሰው ነው፤ ለማን ለማን እንደሰጡ ቢጠየቁ እንደ ጳጳስ ዝርዝር በክብር ይቆጥሩታል። «ስዋርም» የሚባለውን ለለቅሶ አይሰጡም። «የሠርግ ነው። ንብ አበባ ላይ እንጂ ሐዘን ላይ አይሰፍርም» ይላሉ። «ፓይል አፕ»፣ መቆለል፣ ደግሞ ለሰው አይሆንም፤ ለመከራ ብቻ ነው።

የሰፈሩ ዕድር ዳኛ አላምረው ይህ ነገር ያናድደዋል።

«ጋሽ ህሩይ፣ አማርኛው ምን አነሰዎት? ጎረፈ አለ፣ ተመመ አለ፣ ተግተለተለ አለ።»

«ልክ ነህ። ግን ጎረፈ ብል ሐዘንተኛው ይሰማኛል። በእንግሊዝኛው የሚሰማኝ ተማሪዬ ብቻ ነው።»

«እኔ እኮ ቋንቋውን አላውቅም። ፊትዎን እያየሁ ግን ሟቹ ስንት እንዳመጣ አውቃለሁ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ የበለጠ ጨካኝ ናቸው። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ የሞትኩ ለታ ምን ልትሰጠኝ ነው?» ይሏቸዋል። «እሱ እስከዚያ ባለሽ ጠባይ ይወሰናል» ሲሏቸው፣ «በእንግሊዝኛ ሰጥተኸኝ ብሰማ ከሳጥኔ ተነስቼ ነው የምመታህ!» ይላሉ።

እንግሊዝኛውን የሚሰማ ሰው ግን በሰፈሩ ውስጥ ነበረ። ሶሊያና ትባላለች። በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ከሁለት ክረምት በፊት አባቷ ሞተ። አባቷ ዝምተኛ የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ዘመዱ ጥቂት፣ ወዳጁም ከዘመዱ ያነሰ። የቀብሩ ቀን ደግሞ ሰማይ ተቀደደ። ሶሊያና እጇን ልትለቃለቅ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥታ ሳለ ጋሽ ህሩይ በጃንጥላቸው ሥር ለወይዘሮ እናኑ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማች። «ትሪክል ኢን» አሉ።

በማግስቱ ሰው መጣ። እንዲያውም ብዙ ወጣት፣ እሷም እናቷም አይተውት የማያውቁት፣ ጃንጥላ ዘርግቶ እያለቀሰ ገባ። እናቷ በጣም ተጽናናች። «አባትሽ ለስንቱ ደግ ሠርቶ ኖሯል! አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም» አለች። ሶሊያናም በዚህ ተጽናናች፤ የመጀመሪያው ቀን ቃል ግን ከጆሮዋ አልወጣም። እናቷ ገጠር ወንድሟ ዘንድ ስትሄድ፣ ሶሊያና ከነቂሟ የጋሽ ህሩይ ተከራይ ሆነች። ማራኪ ላይ ቤት ሲከራዩ ቂም አያማርጡም። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ትላቸዋለች፤ በሆዷ ደግሞ ሌላ ነገር ትላቸዋለች።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ።

ያን ዓመት በሰሜን በኩል መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሰው ጠቅላላ ንብረቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ከተማው ወረደ። የዕድሩ ድንኳን መጋዘን ገብቶ አያውቅም፤ ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ እርጥቡን ሌላው ግቢ ይተከላል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ለቅሶ ይሆናል። ሰው የቱ ጋ እንደሚገባ ግራ ይገባዋል፤ አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ይቀራል፣ በመጨረሻም ሁሉም ጋ መቅረት ይጀምራል። ሰው ለቅሶ ደከመው። ጋሽ ህሩይ በእነዚያ ወራት ማዕረግ መስጠት እየተዉ መጡ። አንድ ጠዋት ብቻ፣ በራቸው ላይ ቆመው ወዲያና ወዲህ የተተከለውን ሸራ ሲያዩ፣ ለራሳቸው «ፓይል አፕ» ሲሉ ሶሊያና ሰምታለች።

እታገኘሁ ከጋሽ ህሩይ ጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል የተከራየችው ያኔ ነው። ከዛሪማ ነው የመጣችው፤ ጠንካራ፣ ጠይም፣ ቃል ቆጣቢ ሴት። ለተማሪዎች ልብስ እያጠበች ትኖራለች። አንድ ልጅ አላት፣ ሰውአገኝ፤ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ከመኪናው ጋር ከተዘጋው መንገድ ማዶ ቀርቷል። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ በሹፌሮች አፍ «ደህና ነኝ» ብሎ ይልክባታል። ሹፌሮቹ መምጣት ሲያቆሙ እታገኘሁም ቃሏን ይበልጥ ቆጠበች።

አንድ ማለዳ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ አላምረውና ሁለት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው በሯን አንኳኩ። መርዶ የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው። እታገኘሁ በሩን ከፈተች፣ ነጠላቸውን አየች፣ ምንም ሳይሏት ተቀመጠች። ሰውአገኝ መኪናው ላይ ሳለ ተኩስ መሐል ገብቶ ነው የሞተው። የቀበሩት አላፊ አግዳሚ ሰዎች ናቸው፤ ከመንገዱ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን።

ሶሊያና ጩኸቱን ሰምታ በባዶ እግሯ ደረሰች። እታገኘሁ ከጮኸች፣ ደረቷን ከመታች፣ ድምጿ ካለቀ በኋላ የሶሊያናን እጅ ያዘችና አንድ ነገር ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ የሚያለቅስለት ሰው ይገኝ ይሆን?»

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ?»

«ዛሪማ ቢሆን ቆላው ደጋው ይነቀልለት ነበር። እዚህ ማን ያውቀዋል? እኔንስ ማን ያውቀኛል? መቃብሩ ላይ አልቆምኩ። ለቅሶው ላይ ሰው ካጣ፣ ሰው የሌለው ሆኖ ሊቀር ነው እኮ ልጄ።»

ሶሊያና ተነሳች። ድንኳን ለመጠየቅ አላምረው ጋ ሄደች። አላምረው አንገቱን ደፋ።

«ድንኳንና ወንበር ለዕድርተኛ ነው። ሕግ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ዛሬ ለእሷ ብሰጥ ነገ ለመጣው ሁሉ ምን እላለሁ?»

«ልጇ ነው የሞተው ጋሽ አላምረው!»

«አውቃለሁ። መርዶውን የነገርኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? ድንኳኑ ደግሞ ታች ሰፈር ተተክሎ እስከ ምሳ ይፈለጋል።»

ስለዚህ ከውሃ ሮቶው እስከ ግድግዳው ድረስ የተቀደደ ሸራ ተወጠረ። የጋሽ ህሩይ የቅዳሜ አግዳሚዎች ተደረደሩ። የሰውአገኝ ፎቶ በእናቱ ስልክ ላይ ብቻ ስለነበር ስልኩ በርጩማ ላይ ተደግፎ ቆመ፤ በየጊዜው እየጠፋ ሶሊያና ታበራዋለች። እታገኘሁ መሬት ላይ በተነጠፈው ጆንያ ተቀመጠች፣ ጥቁር ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አወረደች፣ አንገቷን ደፋች። እንዲህ ሆና ትጠብቅ ጀመር።

አንዲት ጎረቤት መጣች። ቆየት ብለው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ፤ ሌላም ለቅሶ ስላለባቸው ቶሎ ተነሱ። ከዚያ ማንም አልመጣም። የግቢው በር ነፋስ ሲነካው በተንቀጫቀጨ ቁጥር እታገኘሁ ትከሻዋ ይነሳል፤ ነፋስ መሆኑን ስታውቅ ይወርዳል። ሶሊያና ያን ትከሻ ማየት አቃታት።

ጋሽ ህሩይ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው ባዶውን መንገድ ወደ ላይ ያያሉ፣ ወደ ታች ያያሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሶሊያና ይህን ስታይ የሁለት ዓመት ቂሟ ተቀሰቀሰ። ተነስታ አጠገባቸው ሄደች።

«ዛሬስ እንዳይሉት ጋሼ።»

«ምኑን ልጄ?»

«ማዕረጉን። የአባቴን ለቅሶ ምን ብለው እንደመዘኑት ሰምቻለሁ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ይችን ሴት እንኳ ይተዉአት!»

ጋሽ ህሩይ አዩአት። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ሶሊያና ኀፍረት ነው አለች፤ ሊሆንም ይችላል።  ባርኔጣቸውን አስተካከሉና በሩን አልፈው ወደ ላይኛው መንገድ ሄዱ። «ይሂዱ» አለች በሆዷ። «ባዶ ወንበር ላለማየት ይሂዱ።»

ፀሐይ ሸራው ላይ እስክትወጣ ድረስ ግቢው ዝም አለ። ከዚያ ከውጭ፣ ከመንገዱ፣ ቀጭን የልቅሶ ድምፅ ተሰማ። ሁለት ልጃገረዶች ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። እነሱ ተቀምጠው እንባቸውን ሲጠርጉ በሩ ላይ ሌሎች ነበሩ። ከዚያ ሌሎች። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ አራት ወጣቶች ገቡና ሰገዱ፣ እታገኘሁ ፊት ቆመው ደረታቸውን መቱ። የእታገኘሁ ትከሻ ተነሳ፤ አሁን አልወረደም። ድምጿ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሙሾ ማውረድ ጀመረች፤ የልጇን ቁመት፣ የልጇን ሣቅ፣ ከጭነት መኪናው ላይ እጁን ሲያውለበልብ። አግዳሚዎቹ ሞሉ። ግን የሚገርመው፣ ሰው እየገባ አግዳሚው ሞልቶ አይፈስም ነበር። የሚወጣ ሰው አልታየም፤ የሚገባው ግን ሁልጊዜ ቦታ ያገኛል።

ሶሊያና ለሐዘንተኛዋ ውሃ ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞራ ጣሳውን ሞላች።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ አንድ የአጥር ቆርቆሮ ከምስማሩ ተላቆ ተገልጧል። በክፍተቱ አጠገብ ወይዘሮ እናኑ ባኞ ሙሉ ነጠላና ሻሽ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንዲት ዝማሬ የምትባል የቅዳሜ ተማሪ ፊታቸው ቆማለች፤ ከኋላዋ ወንዶች ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። ወይዘሮ እናኑ ነጩን ነጠላዋን ገፈው ጥቁር ያለብሷታል።

«ቶሎ በይ፣ እስከ ዓይንሽ ሸፍኚው። አንተ ደግሞ ሣቅህን ዋጠው፣ ሰው ነው የሞተው! የዚያኛውን ጃኬት ልበስና ያንተን ስጠው።»

ከክፍተቱ ማዶ፣ በጠባቧ መተላለፊያ፣ ጋሽ ህሩይ ከዘራቸውን አንስተው ተማሪዎቻቸውን በሹክሹክታ ይገሥጻሉ።

«ቀስ! እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚመጣው? ሁላችሁ አንዴ ከገባችሁ ምን ይቀራል? መጀመሪያ ሁለት። ትንሽ ዝም ይባል። ከዚያ አራት። የፊተኛው ልቅሶ ሳይበርድ ነው የኋለኛው የሚነሳው፤ ሰው የሚበዛው አንዱ የሌላውን እየሰማ ነው። ሴቶች በር ስትደርሱ ድምፅ አውጡ። ወንዶች ከሩቅ ጀምሩ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀምሩ፣ ሰፈሩ ይስማ! ሂዱ፣ ሂዱ!»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንኳን መግቢያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰው ናቸው። ሰው እንዴት እንደሚመጣ፣ የቱ ጋ እንደሚሳሳ፣ የቱ ጋ እንደሚደራረብ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ በጎንደር አይገኝም። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣቸውም።

«ምነው ቆመሽ ታያለሽ?» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «ነጠላ ያዢልኝ።»

«እትዬ እናኑ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ! ምን ይመስልሻል?»

«ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት ነው። ዘንድሮ ይሻላል እንጂ፤ ያንቺ አባት ጊዜ ወንዶቹ አልበቁንም ነበር።»

ሶሊያና የያዘችው ጣሳ ከእጇ አልወደቀም። ውሃው ብቻ ቀስ ብሎ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«በማግስቱ የመጡት ልጆች...»

ወይዘሮ እናኑ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የተናገሩት ግን ወጥቷል። ስለዚህ ጨረሱት።

«ዝናቡ በጀን ያኔ። ጃንጥላ ፊት ይሸፍናል። ይሄ ሰውዬ ከድንኳናችሁ ሲወጣ ያንን ትሪክል የሚለውን ነገሩን ብሎኝ እራቱንም አልበላ። ሲነጋ ልጆቹን ሰበሰበ። እናትሽ ‹ለስንቱ ደግ ሠርቶ ኖሯል› ስትል እኔ ፊቴን አዞርኩ። አትንገሪያት፣ ሶሊያና። በማርያም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ሶሊያና አባቷን የምታስበው በእነዚያ ልጆች ነበር። ዝምተኛው አባቷ በስውር የረዳቸው፣ ያስተማራቸው፣ ያበላቸው ልጆች። ለእያንዳንዱ ታሪክ ፈጥራለት ነበር። አሁን ያ ሁሉ ከአባቷ ተወስዶ ለእኚህ ባርኔጣ ላጠለቁ ሽማግሌ ሊሰጥ ነው። ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን እንደምትቆጣ ግን አላገኘችም። አባቷ በእርግጥ ሰው አልነበረውም። ጋሽ ህሩይ ያሉት እውነት ነበር። እውነት መሆኑ እሳቸውን ከእራት ከለከላቸው፤ እሷን ደግሞ ቂም አስያዛት።

ከባኞው አንድ ነጠላ አነሳች፣ ተከናነበች፣ በቆርቆሮው ክፍተት ወጣች። ጋሽ ህሩይ አዩአት። ከዘራቸው አየር ላይ ቆመ።

«ከዝማሬ ኋላ» አሉ ብቻ።

በወፍጮ ቤቱ ዞረው በግቢው በር ሲደርሱ ሌሎቹ «ወንድሜን» አሉ። ሶሊያናም እንደ እነሱ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን «አባቴን!» የሚል ነው። ማንም ዞር ብሎ አላያት፤ ለቅሶ ቤት የራሱን የማያለቅስ የለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጋሽ ህሩይ እጅ ወጣ። ልቅሶው ሳይቋረጥ ሲሰማ የወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ተበተነ፤ ሴቶች ዱቄት በፀጉራቸው ላይ እንዳለ መጡ። «ማነው እንዲህ ሰው ያለው?» እያሉ ያልታሰቡ ጎረቤቶች መጡ። የዩኒቨርሲቲው ዘበኞች ፈረቃቸውን ሲጨርሱ ገቡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በየጓሮው ተከራይተው የሚኖሩ የዛሪማና የድብ ባሕር ሰዎች ወሬውን ሰምተው ከየአቅጣጫው ብቅ ብቅ አሉ። አያ መለሰ የሚባሉ አሮጌ ገበሬ በሩ ላይ ሲደርሱ ዱላቸውን ጣሉ።

«ምነው እታገኘሁ! ምነው ሳትነግሪን! ያን ሸጋ ልጅ! እኔን ከነከረጢቴ መኪናው ላይ ሰቅሎ ገበያ ያደረሰኝን ልጅ!»

እታገኘሁ ድምፃቸውን ስታውቀው የጮኸችው ጩኸት ከጠዋቱ ሁሉ የተለየ ነበር።

መሸት ሊል ሲል አላምረው መጣ። ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ ነው የመጣው። ማንንም ሳያይ ካስማ መትከል ጀመረ።

«ሕጉ አልተቀየረም» አለ አላምረው፣ ጋሽ ህሩይ ቀና ብለው ሲያዩት። «ድንኳኑ ርሷል። እስኪደርቅ ነው የምተክለው።»

«ፀሐይ ጠልቃለች እኮ አላምረው።»

«ገመዱን ይያዙልኝ ጋሼ፣ አያድርቁኝ!»

ሰው ተመናምኖ እነሶሊያና ብቻ ሲቀሩ እታገኘሁ ገና ከጆንያው አልተነሳችም። ሶሊያና አጠገቧ ተቀምጣ አጃ በኩባያ አቀረበችላት። እታገኘሁ ኩባያውን በሁለት እጇ ያዘች እንጂ አልቀመሰችም።

«ሶሊያና።»

«አቤት እትዬ።»

«ያቺ ሰማያዊ ጫማ ያላት ልጅ ማናት?»

ሶሊያና ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ሐዘንተኛ ቀና አይል። ውሎዬን የማየው እግር ነው። ነጠላውን ቀየሩ እንጂ ጫማውን አልቀየሩ።»

«እትዬ እታገኘሁ... ይቅር በይን። ጋሽ ህሩይ እኮ በክፉ...»

«ዝም በይ። ማወቄን እንዳይሰሙ። ደክመው ውለዋል ሽማግሌው።» ኩባያውን መሬት አስቀመጠች። «ልጅቱ መጀመሪያ ስትገባ እግሯ አይረጋ፤ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ መውጫ ነው የምትፈልግ። ሁለተኛም እንዲያው። ኋላ ግን ቆመች። እንባዋ ጫማዋ ላይ ጠብ ሲል አየሁት። ‹ሰውአገኝ› ብላ ጠራችው። ስሙን ከሙሾዬ ይዛው ነው። ከኔ በቀር በዚህ አገር ስሙን የጠራች እሷ ናት መጀመሪያ።»

ጋሽ ህሩይ ከድንኳኑ ውጭ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መግባት ፈርተው ደጁ ላይ ቆመዋል።

«እታገኘሁ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ። ነገም ሰው ይመጣል፣ አትስጊ።»

«ምነው አይመጣ ጋሼ! ዛሬም መቀመጫ ጠፋ እኮ።»

የእግራቸው ኮቴ እየራቀ ሄደ፤ ቀስ እያለ፣ ከዘራው እየቀደመ። ሶሊያና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ነገ ጫማም እንዲቀያየሩ በዘዴ እነግራቸዋለሁ።»

«ተይ» አለች እታገኘሁ። ነጠላዋን ከግንባሯ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ ከማለዳ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና አለች። «አይቀይሩ። እኔ የማውቃቸው በጫማቸው ነው።»